የእናታችን እጅ

በእኛ በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በስኬርሄቨን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሬሳውን ሳይነካ አይወጣም። ግንባሩን ወይም እጁን ነካ ያደርጋል። ያልነካ ሰው ሟቹ በሕልሙ እየመጣ ዕድሜ ልኩን ይመላለስበታል ይላሉ። ስለዚህ ትንንሽ ልጆችም ሳይቀሩ ተልከው ይነካሉ።

ወንድሜ ሄክተር አስፈሪ ታሪክና ግጥም ጸሐፊ ነበር። በኤድንብራ መጽሐፉን አንብበው መብራት ሳያጠፉ የሚያድሩ ወይዛዝርት አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የእኛ ሰፈር ሴቶች ግን አይፈሩትም። ዓሣ እያጸዱ ሲያልፍ ካዩት መቀለድ ነው። አንድ ቀን ኤልስፔት፣ ጎረቤታችን፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ዛሬ ስንት ሰው ቀበርክ አለችው።

«ሁለት። አንዷ ትመለሳለች።»

«ባሌን ስትቀብርልኝ ግን አደራህን፣ እንዳታስመልሰው።»

ጠዋት ጠዋት የጻፈውን ለእኔ ያነብልኛል። እኔ ምድጃው አጠገብ ሹራቤን እሠራለሁ። ፊቴን አያይም፣ የሚያየው እጄን ነው። እጄ ከቆመ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ካልቆመ ወረቀቱን ይቀደዋል። አንዳንዴ ሳልፈራም አቆምለት ነበር። ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ ዓይኑ ቀልቶ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል፣ ምን ላድርግ?

በጻፈው ሁሉ ውስጥ እጅ አለ። አፈር ገፍቶ የሚወጣ እጅ፣ ከሣጥን ውስጥ የሚያንኳኳ እጅ። ከእጅ ሌላ የምትጽፈው የለህም ወይ ስለው፣ የለኝም ብሎ ይስቃል።

በአርባ ዓመቱ ሳንባው ታመመ። ሐኪሙ ፀደይን አያይም አለኝ። ሄክተር መሞቱን አልፈራም፤ የፈራው በሕይወት እያለ መቀበርን ነበር። ለአናጺው ልዩ ሣጥን አዘዘ። ገመድ ጣቱ ላይ ይታሰራል፣ የገመዱ ጫፍ ከመቃብሩ በላይ ካለ ደውል ጋር ይገናኛል፣ ከነቃ እንዲደውል። አናጺው ደውሉን አስቀድሞ አምጥቶ ሰጠን። ያን ደውል መደርደሪያው ላይ ባየሁት ቁጥር ባሕር ልጥለው ያምረኛል። ከሁሉ የከፋው ግን አለመተኛቱ ነው። ሞቷል ብላችሁ ትወስዱኛላችሁ እያለ የሚያስተኛውን መድኃኒት ይተፋዋል። ሲስል፣ ሲቃዥ፣ ቁጭ ብሎ ያድራል። ጥቂት እንኳ ሳያርፍ ሊሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁጭ በይ አለኝ።

«እናታችን የሞተች ቀን አክስታችን ሂድና እጇን ንካ ብላ ላከችኝ። በሩን ገፋ ሳደርገው የተሸፈነችበት ጨርቅ ሥር እጇ ተንቀሳቀሰ። ከፍ ብሎ ወረደ። ሳልነካት ሮጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ በማግሥቱ ቀበሯት። ከነሕይወቷ አስቀበርኳት፣ ኢሶቤል።»

 ያንን እጅ ማን እንዳንቀሳቀሰው አውቃለሁ።

ብናገር ይጠላኛል። ዝም ብል ደግሞ እንደ ፈራ ይሞታል። ብዙ ቀን አልቀረውም፣ ጥላቻውን እችለዋለሁ አልኩ በልቤ።

«እኔ ነበርኩ» አልኩት። «ከአልጋው ወዲያ ተንበርክኬ፣ እጄን ከጨርቁ ሥር አስገብቼ ቀለበቷን እየሳብኩ ነበር። አባታችን ሸጦ ሳይጠጣበት ላስቀረው ብዬ። ጣቷ አብጦ እምቢ ሲለኝ እጇን አነሣሁት። በሩ ላይ መሆንህን አላየሁም።»

«ሞታ ነበር?»

«ቀዝቅዛ፣ ደርቃ ነበር። እምልልሃለሁ።»

«ቀለበቱስ?»

«በሳምንቱ አባባ አገኘው። ጠጣበት።»

መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ልቅሶ። ሠላሳ አራት ዓመት በየመጽሐፉ መቃብሯን ስቆፍር ኖርኩ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  የሠራሁለትን የአጃ ገንፎ እስኪመሽ አልቀመሰም። ጨርሶ ጠላኝ ብዬ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ጠራኝ።

«ደውሉን ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ። እነሱ ይጠቀሙበት።»

ይቅር ብያለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። መድኃኒቱን ስሰጠው ግን ዋጠው፤ ያን ቀን እስከ ማታ ተኛ። እኔም አጠገቡ ሹራቤን ይዤ ዋልኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እንደተኛ፣ ትንፋሹ ቆመ።

ሰፈርተኛው መጣ፣ እያንዳንዱ ነካው። ኤልስፔት በዓሣ ቅርፊት የሻከረ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ኢሶቤል፣ አንቺ እኮ አልነካሽውም።»

እነካዋለሁ አልኳት። አናጺው የሣጥኑን ክዳን በሚስማር እስኪመታ ድረስ እጆቼን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። አልነካሁትም። በሕልሜ ይምጣ፣ ይቅር ባይለኝም ተቆጥቶ ይምጣ ብዬ ነው።

ይኸው ሦስተኛው ክረምት ነው። በጊዜ እተኛለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ። እስካሁን አልመጣም።