የሚስተር ሁክስትራ እጅ

«እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው በረዶ ነበር።»

ትሬሳ እዚች ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። አይስክሬሙ ቀልጦ በጣቶቿ መሃል ወደ ክንዷ ይወርዳል፣ እሷ ግን አልጠረገችውም። ምክንያቱም ይቺ ዓረፍተ ነገር የራሷ ናት። ቃል በቃል ባትሆንም የራሷ ናት። ያው የአረጋውያን ቤት፣ ያው መስኮት ስር ያለ አልጋ፣ ያው ሽማግሌ፣ ያው ቀዝቃዛ እጅ። ወረቀቱ ግን የኬይሊን ነው።

ቀስ ብላ ወደ ጎን አየች። ኬይሊን የእናቷ መኪና መሪ ላይ ተደግፋ የትሬሳን ወረቀት እያነበበች ነው። ፊቷ ምንም አይልም። ምንም የማይል ፊት ደግሞ የኬይሊን ፊት አይደለም፤ ኬይሊን የሻምፖ ጀርባ ስታነብ እንኳን ቅንድቧ ይወጣል ይወርዳል። ከአይስክሬም ቤቱ ማዶ የአዮዋ በቆሎ ነው፣ ከበቆሎው ማዶ ደግሞ ሌላ በቆሎ። የሚታይ ነገር ስለሌለ ትሬሳ የጓደኛዋን ፊት ብቻ አየች።

ሁለቱ ኮሌጅ ከገቡ ጀምሮ አንድ ክፍል ነው የኖሩት። የኬሚስትሪ መልስ ተቀባብለዋል፣ የጥርስ ሳሙና ተጋርተዋል፣ አንዴ ሳያውቁት አንድ ልጅ ሁለቱም ወደውታል፣ እሱም አልፏል። የማይነጋገሩበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የጽሑፍ ርዕስ። ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ሰው «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሁ» ብሎ ስለ ራሱ መጻፍ አለበት። እነሱ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ርዕስህን ከምትናገር ማንን እንደሳምክ ብትናገር ይሻላል። ርዕስ ይሰረቃላ። ዛሬ ግን የማስገቢያው ቀን ስለደረሰ ወረቀት ተለዋወጡ።

አማካሪያቸው ዶክተር ፕሩዊት ናቸው ይሄን ሁሉ ያመጡት። ጥር ላይ ሁሉንም ሰብስበው መነጽራቸውን እያጸዱ «አያታችሁ በመሞታቸው አዝናለሁ» አሉ። «ግን የሁሉም ሰው አያት ሞተዋል። ኳስ ስትጫወቱ የተሰበረው እግራችሁም ይቅርብኝ። ድሃ አገር ሄዳችሁ ከሕፃናት ጋር የተነሳችሁት ፎቶም ይቅርብኝ። ሌላ ነገር አምጡ።»

ትሬሳ ሌላ ነገር አልነበራትም። አባቷ የትራክተር ጎማ ይሸጣል፣ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ትጫወታለች፣ ሁለቱም እንደ ፈረስ ጤነኛ ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ምንም አልደረሰባትም። ስለዚህ እንደ ሁሉም ሰው የሚደርስባት ነገር ፍለጋ ሄደች። ማክሰኞ ማክሰኞ አረጋውያን ቤት እየሄደች ለሚስተር ሁክስትራ ጋዜጣ ታነባለች። ኬይሊን ሐሙስ ሐሙስ ነው የምትሄደው።

«ይሄ ማነው?» አለች ኬይሊን በመጨረሻ።

«ሚስተር ሁክስትራ ናቸዋ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ወንድማቸው ያልሽው ማነው?»

«ሌን። በልጅነቱ የሞተው። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ ዶክተሩን መንገድ ላይ በረዶ ይዞት…»

«ወንድም የላቸውም፣ ትሬስ። ብቸኛ ልጅ ናቸው። ራሳቸው ነግረውኛል።» ወረቀቷን ከትሬሳ እጅ ሳብ አደረገችው። «ጽሑፌ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ብቻቸውን አድገው ብቻቸውን አርጅተው…»

«ለእኔ ሌን ብለውኛል።»

«ስም ሳይቀር አለው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ቆንጆ ስም ነው።»

ዛሬ ማታ ሁለቱም ወረቀት አንድ ኮሚቴ ጋ ይገባል። ኮሚቴው አንብቦ ነው ለሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው፤ ያ ደብዳቤ ከሌለ ማመልከቻውን የሚያየው የለም። አንድ ሽማግሌ በአንዷ ወረቀት ላይ ወንድሙን በበረዶ ያጣል፣ በሌላዋ ወረቀት ላይ ወንድም ኖሮት አያውቅም። ያንን አይተው ዶክተር ፕሩዊት መነጽራቸውን ማጽዳታቸው አይቀርም።

«ከሁለታችን አንዳችን ፈጥረናል» አለች ኬይሊን። «እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።»

«እኔም እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።»

«እሺ። አንቺ ርዕስ ቀይሪያ።»

«ለምን እኔ?»

«አንቺ ቶሎ ትጽፊያለሽ።»

ትሬሳ ከመኪናው ወርዳ በሩን ዘጋችው፤ ለማጋጨት አስባ ነበር፣ ግን የሰው መኪና ነው። በእግሯ ሄደች። እየሄደች ያለፈውን ወር ሁሉ ትቆፍር ጀመር። ኬይሊን አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠረች «ሚስተር ሁክስትራ አንቺን ምን ምን ያወሩሻል?» ብላት አልነበር? ያኔ ዝም ብሎ ጨዋታ መስሏት ነበር። ደግሞ አንድ ቀን ትሬሳ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትታ ሻወር ገብታለች። ጽሑፉ ክፍት ነበር? ነበር መሰለኝ አለች በሆዷ። ደግሞስ ዛሬ አይስክሬሙን የከፈለችው ኬይሊን ናት። ኬይሊን ለሰው አይስክሬም ስትገዛ ታይታ አትታወቅም።

ወደ መኖሪያቸው መታጠፊያ ስትደርስ አልታጠፈችም።

ሚስተር ሁክስትራ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የምግብ ማቅረቢያው ላይ የመጫወቻ ካርታ ደርድረዋል። በሰኔ ሙቀት ሹራብ ለብሰዋል፣ ብርድ ልብሱንም እስከ ደረታቸው ስበውታል። የምሳ ጣፋጫቸው፣ ፑዲንጉ፣ አልተነካም። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ ስታየው ዛሬ አምሮባቸዋል ብላ አሰበች። ከፊት ለፊታቸው ያለው አልጋ አንሶላው ተገፎ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ሚስተር ሁክስትራ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አይዞሽ፣ ገና ቀን ነው።» አንዲት ንግሥት አንስተው የት እንደሚያስቀምጧት ጠፋቸው።

ትሬሳ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያሰናዳችው መግቢያ ነበራት፣ ረጋ ያለ፣ ትህትና ያለው። ጠፋት።

«ሌን የሚባል ወንድም ነበረዎት?»

ሽማግሌው ንግሥቲቱን አስቀመጧት። ከዛ ገበያ ላይ ላም እንደሚገዛ ሰው ትሬሳን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«የሐሙሷ ምን አለች?»

«ብቸኛ ልጅ ነኝ ብለዋታል።»

«እሷን የሚስማማት እሱ ነዋ። ያቺ ልጅ ብቸኝነት ትወዳለች፤ ስነግራት አይኗ እንባ ይሞላል፣ ደስ ይላታል። አንቺ ደግሞ በረዶ ነው የምትወጂው።»

«እኔ?»

«መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ገና ኮትሽን ሳታወልቂ ምን አልሽኝ? ‹ድሮ ገጠር ውስጥ ያለ ዶክተር እንዴት ነበር?› ነው ያልሽኝ። ምን ልበልሽ፣ ደህና ነበር ልበልሽ?»

«ዋሹኝ ማለት ነው።»

«ሌን አልነበረም መቼ አልኩ?»

«ስለዚህ ነበረ?»

«እሱንም አላልኩም።»

ትሬሳ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሳች። መናደድ ፈልጋ ነበር፣ ግን ማን ላይ እንደሆነ አልገባትም። የተሰረቀች መስሏት ነበር የመጣችው። አሁን ደግሞ ሸቀጡ ለሁለት ሰው የተሸጠ ነው እየተባለች ነው።

«ስንት ሰው ጋ ነው እንዲህ…»

«በየዓመቱ ትመጣላችሁ» አሉ ሚስተር ሁክስትራ ካርታቸውን እየሰበሰቡ። «ሰኔ ላይ ወረቀታችሁ ይገባል፣ እናንተም ትጠፋላችሁ። አምና አንድ ረጅም ልጅ ነበር፣ እሱ ጦርነት ፈለገ። ሰጠሁት። እኔ ከአዮዋ የወጣሁት ለሰርግ ብቻ ነው።»

«ገባ? ሕክምና?»

«ገባ እንጂ። በቅርጫት ብርቱካን ላከልኝ። ደረቅ ነበር።»

«ግን ለምን?»

ሚስተር ሁክስትራ ካርታውን ለመበወዝ ሞከሩ፣ ሁለቱ ወለል ላይ ወደቁባቸው፣ እሳቸውም እንዳላዩ ሆኑ።

«ታሪክ ካለኝ እስከ ሰኔ ትመጫለሽ። ከሌለኝ ሁለት ማክሰኞ መጥተሽ የጎረቤቴ አልጋ ጋ ትሄጃለሽ። እስኪ አንብቢልኝ፣ ምን አደረግሽኝ?»

ማንበብ አልፈለገችም። ግን ለሳቸው ማንበብ የለመደችው ነገር ስለሆነ ስልኳን አውጥታ ጀመረች። በረዶው፣ መንሸራተቻው፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የሚጎትተው አባት። ሚስተር ሁክስትራ አገጫቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ አንዴ ብቻ «እህም፣ ጥሩ ነው» አሉ፣ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስል። ከዛ እዛች ጋ ደረሰች።

«እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው…»

«የማንን እጅ?»

«የእርስዎን።»

«መቼ?»

ትሬሳ ሁሉንም ማክሰኞ አንድ በአንድ አሰበች። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ሁልጊዜ በመሃላቸው ጋዜጣው አለ። እጃቸውን ለመያዝ ብዙ ጊዜ አስባ ነበር፣ እየመጣች መንገድ ላይ፣ እየሄደች መንገድ ላይ፤ ሳይመች ቀረ። ስትጽፈው ግን ውሸት ነው ብላ አላሰበችም። እጁ መቀዝቀዝ ስላለበት ቀዘቀዘ፣ በቃ። ኬይሊንም እንደዛው ሆናለች። ማንም ከማንም አልሰረቀም።

«የሐሙሷስ ይዛኛለች?»

«ጽፋለች።»

«ቀዝቃዛ ነኝ?»

«በረዶ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉም እምቢ ብሎ ቆየ፤ ጨርሰው ቀና ሲሉ አይናቸው ረጥቧል። «እኔ ወንድም ፈጠርኩ እንበል። እናንተ ደግሞ እጄን። ማን ማንን ይከስሳል?» መዳፋቸውን ገልብጠው ካርታው ላይ አኖሩት። «በይ ነይ፣ ያዢ። አንዱ እንኳን እውነት ይሁን።»

ትሬሳ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጁን ያዘችው።

መጀመሪያ አፈረች። ቀዝቃዛ አይደለም። ቀጥሎ ግን ማፈሯን ረሳችው። እጁ ሙቅ ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ እንደዋለ የመኪና ጣሪያ ይፋጃል። አውራ ጣቷን ወደ እጃቸው አንጓ አንሸራተተች፣ ክፍል ውስጥ እንደተማሩት። ከቆዳው ስር ያለው የልብ ምት ይሮጣል። ሹራቡን አየችው። ብርድ ልብሱን፣ ፑዲንጉን፣ ቀይ ጉንጫቸውን፣ ወለሉ ላይ ያሉትን ሁለት ካርታዎች አየቻቸው።

«ሚስተር ሁክስትራ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ትኩሳቱ።»

«ሹራቡ ነው።»

«ሹራቡ አይደለም።»

እጃቸውን ሊስቡ ፈለጉ፣ አልለቀቀችም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም አትናገሪ፣ ልጄ። ካወቁ ሆስፒታል ይወስዱኛል። ቨርጂልም ለአንድ ቀን ነው የተባለው።» በአገጫቸው ወደ ባዶው ፍራሽ አመለከቱ።

ቨርጂልን አታውቀውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ያ አልጋ ላይ ሰው ነበር፣ ስሙን ጠይቃ አታውቅም። ይሄም ታሪክ ይሆን? ይሄንንም ለእሷ ሰፍተውላት ይሆን? እየዋሹ ቢሆን ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘች። እጁ ግን እዛው እጇ ውስጥ ነው፣ እጅ ደግሞ አይፈጥርም።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ኬይሊን ናት።

«ብቸኛ ልጅ የሚለውን አወጣሁት። ወንድምየው ያንቺ ይሁን፣ አሁን አይጋጭም። እጁን ግን አላወጣሁትም፣ ያምራል። በቃ ላኪው።»

ትሬሳ ስልኩን ገልብጣ ካርታው ላይ አስቀመጠችው። በነፃው እጇ ከራስጌው በላይ ያለውን ቀይ የነርስ መጥሪያ ደወል ተጫነችው።

«አንቺ አሳባቂ» አሉ ሚስተር ሁክስትራ። እጃቸውን ግን አልሳቡም።

ኮሪደሩ ላይ የላስቲክ ጫማ መጮህ ጀመረ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ትራሱ ላይ ለቀቁት፣ አይናቸውን ጨፈኑ።

«ሌንም እንዲህ ነበር የሚይዘኝ» አሉ። «አጥብቆ።»

ትሬሳ ፊታቸውን አየች። ሽፋሽፍታቸውን፣ ሳቃቸውን የሚደብቁበትን የከንፈራቸውን ጥግ አየች። እዛ ምንም አልነበረም፤ ወይ እሷ አላየችም። አልጠየቀችም። ጫማው እየቀረበ መጣ፣ እጁም ያው ይፋጃል።