ከአንሶላው ወዲህና ወዲያ

«ልጁን ምን በላው?» አለ ሉጥፊ፣ ወረቀቱን እንደ ፎጣ ዘርግቶ ይዞ።

ሄርመላ ደነገጠች። ልጁን የሣለችው ቀለሟ ሲያልቅ ነበርና በእርሳስ ብቻ ነካ ነካ አድርጋ ትታዋለች።

«ቀለም አልቆብኝ ነው» አለች።

«ቀለም ስላለቀብሽ ልጁን አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም። ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ።»

«ወላሂ ሄርመላ፣ እስቲ አንቺው እዪው! እናትየዋ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ትመጣለች። ክሊኒክ ትገባለች። ልጁ ድራሹ ይጠፋል። እሷን ደግሞ አራት ጎረምሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ያወጣታል። ይህን አይቶ ማን ይመጣል? እኔ ራሴ ወንድ ሆኜ ፈራሁ!»

 ሄርመላ ሲከፋት የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ትወዳለችና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ደጃፍ ላይ ሻይ ወደምትሸጠው ወደ ኡምሰልማ ወጣች። ሉጥፊም ዝም ማለቷን ስምምነት አድርጎ ወሰደውና ሥዕሉን እንደ አዲስ ልትሠራው ነው ብሎ ደስ አለው።

ያዳናቸው የሉጥፊ አባት ጋሼ ያዕቁብ ናቸው። ሱቁ የሳቸው ነው። ከፊት ለፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣሉ፤ ከኋላ ሁለቱ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ይሠራሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፤ ከዚያ አቀረቡት።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ከየት ጀምረህ ነው ያየኸው?»

«ከመጀመሪያው ነዋ።» ጣቱን በቀኝ በኩል ባለው ሥዕል ላይ አኖረ።

«ነይ እስቲ ሄርመላ። አንቺስ ከየት ጀመርሽ?»

ሄርመላ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች በአገጯ ወደ ግራ ጠቆመች።

ጋሼ ያዕቁብ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «አንዳችሁ ከበሩ፣ አንዳችሁ ከጓዳው ገብታችሁ መሀል ላይ ተጋጫችሁ!»

ነገሩ እውነት ነበር። ሉጥፊ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዶ፣ ገዳሪፍ ተምሮ ያደገ ነው። ከቤተሰቡ ጋር በአማርኛ ይሳደባል እንጂ ዓይኑ በዐረብኛ መጽሐፍ ተገርቷል፤ ማንኛውንም ነገር ከቀኝ ይጀምራል። ሄርመላ ደግሞ ሑመራ አድጋ፣ ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ፣ በሐምዳይት በኩል ድንበር የተሻገረች ናት፤ ዓይኗ ከግራ ነው የሚነሣው። አምስቱ ሥዕሎች በግራ በኩል በቃሬዛ ከመጣች ነፍሰ ጡር ጀምረው፣ በቀኝ በኩል ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወደ ቤቷ በምትሄድ እናት ነበር የሚያልቁት። ጽሑፍ የለባቸውም። ያዘዛቸው የነርሶች ኮሌጅ፣ «ዐረብኛ የሚያነብም፣ አማርኛና ትግርኛ የሚያነብም፣ ምንም የማያነብም እኩል ይረዳው» ብሎ ነበር።

ኮሌጁ ለእናቶች ክሊኒኩ ድረ ገጽና አጭር የሥዕል ትርኢት ፈልጓል። ኮሚቴው ከወደደው በሚዲያ ክፍሉ አንድ ቦታ አለ፤ ቦታው የሄርመላ ይሆናል። ካልወደደው ግን ወንድሟ ሃፍቱ ባሱንዳ ወረዳ እየጠበቃት ነው። እርሻ ላይ የሠራተኞች ኃላፊ ነው። «ሰሊጥ አጨዳ ሳይጀመር ነይና ለአጫጆቹ አብስዪ» ብሏታል። ሄርመላ ወንድሟን ትወደዋለች። ነገር ግን የአጫጅ ሠራዊት የሚጠግብበትን የአሲዳ ገንፎ ስታማስል መክረምን ስታስበው ክንዷ ከወዲሁ ያማታል።

ስለዚህ ሁለቱም ሥራው ላይ ተጣዱ። ሉጥፊ በገጹ ላይ የቋንቋ መምረጫ ቁልፍ ሠራ። አማርኛ ሲጫን ሥዕሎቹ ከግራ ይጀምራሉ፤ ዐረብኛ ሲጫን ተገላብጠው ከቀኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ቦታቸው ብቻ ተለዋወጠና እናትየዋ የኋሊት እየተራመደች ከክሊኒክ ወጣች። ሄርመላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። በሁለተኛው ሥዕሎቹም አብረው ተገለበጡ።

ኡምሰልማ ብርጭቆ ልትወስድ ገብታ አንገቷን አሰገገች። «ማሻአላህ! አዋላጇ ግን ግራኝ ሆነች።»

«ግራኝ አዋላጅ የለም እንዴ?» አለ ሉጥፊ።

«ሞልቷል። አንተን ያዋለደች ግራኝ ሳትሆን አትቀርም፤ ሁሉ ነገርህ ጠማማ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቁልፉን ካልተጫንኩ አለ። እናትየዋ ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፤ ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈራል። ሄርመላ ከዚያ በፊት እንዲያ ስቃ አታውቅም።

የማሳያው ቀን ደረሰ። የኮሌጁ አዳራሽ ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩበታል፤ ትርኢቱ በግቢው እንዲሆን ተወሰነ። በሁለት የኒም ዛፎች መካከል ገመድ ተወጥሮ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰዉ ይጎርፍ ጀመር፤ ተማሪው፣ አስታማሚው፣ ከስደተኞች ካምፕ የመጣው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ሀዲያ ከፊት ተቀመጡ። ወንበሩ ሲሞላ የዘገየው ሁሉ አንሶላውን አልፎ ከጀርባው ተቀመጠ። ነፋሱም የሚነፍሰው በዚያ በኩል ነበር። በገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ ወንበርና ነፋስ ከተለያዩ ሰው የሚከተለው ነፋሱን ነው። የኮሌጁ የአስተዳደር ኃላፊ ሳይቀሩ ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ ጀርባ ተሻገሩ። ሄርመላ ይህን አይታለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

ሉጥፊ ዐረብኛውን ተጫነ። አምስቱ ሥዕሎች በአንሶላው ላይ ተሰለፉ።

ወዲህ ያሉት እልል አሉ።  ከወዲያ በኩል ግን የኡምሰልማ ድምፅ ወጣ።

«እናንተ! ልጁ ጠፋ!»

«ምን ይጠፋል? ተወለደ እኮ!» አለ ከወዲህ አንዱ።

«ተወልዶ ነበር፣ ኋላ ጠፋ! እናቲቱንም በቃሬዛ ወሰዷት!»

«በእግሯ ነው የሄደችው!»

«በቃሬዛ!»

«ዓይናችሁን ታከሙ! ክሊኒኩ እዚሁ ነው!»

«እናንተ ቅደሙ፣ እናንተ ትብሳላችሁ!»

ሉጥፊ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ከጀርባ ሲታይ ቀኙ ግራ እንደሚሆን አሁን ነው የገባው። ተጣድፎ አማርኛውን ተጫነ። ወዲያ ያሉት እልል ሲሉ፣ ወዲህ ያሉት ጮኹ። መለሰው። እልልታውም ጩኸቱም ቦታ ተለዋወጡ። የአስተዳደር ኃላፊው ከአንሶላው በላይ ጣታቸውን አውጥተው፣ «ዶክተራ፣ ይህ ክሊኒክ ሰው ያድናል ወይስ ይጨርሳል?» አሉ።

«የሠራችው ልጅ ተነሥታ ታስረዳን» አሉ ዶክተር ሀዲያ።

ሉጥፊ በክርኑ ጎሰማት። «ተነሺ እንጂ ሄርመላ!»

ሄርመላ ተነሣች። ሰዉ ሁሉ አያት። አፏን ከፈተች፤ አንድም ቃል አልወጣም። የባሱንዳ ድስት ታያት። ቢያንስ ከወዲያ በኩል ላሉት ቀርቤ ላስረዳ ብላ ተራመደች፤ በድንጋጤዋም ሳታስተውል በፕሮጀክተሩ ፊት አለፈች።

በአንሶላው ላይ ግዙፍ ጥላ ተነሣ። ሁለቱም ወገን ክርክሩን ትቶ ወደ ጥላው አፈጠጠ።

ሄርመላ ቆመች። ጥላዋን አየችው። እጇን ስታነሣ እጁን አነሣ፤ ወዲህ ያለውም ወዲያ ያለውም አንገቱን አብሮ አቀና። ያን ጊዜ ገባት። ቀኝና ግራ ቢምታታም፣ ጥላው የቆመበት ሥዕል ግን ከሁለቱም በኩል ያው አንድ ሥዕል ነው።

ወደ ቃሬዛው ሄደችና እጇን ጫነችበት።

«በቃሬዛ መጣች!» አለ ሰዉ፣ ከሁለቱም በኩል።

ወደ ቀጣዩ ተሻገረች። ጥላው ከአዋላጇ ጎን ጎንበስ አለ። በሦስተኛው በአልጋው ራስጌ ተቀመጠ፤ ግንባሩን ጠረገ፤ ተጨነቀ። አንዲት አሮጊት «አይዞሽ ልጄ!» አሉት። ሄርመላ ሰው እያያት መሆኑን ረሳችው፤ የሚታየው ጥላው እንጂ እሷ አይደለችማ። በአራተኛው ሕፃኑን የተቀበለ መሰለ፤ ግቢው በእልልታ ተናጋ። በአምስተኛው ባዶ ክንዷን እሹሩሩ እያለች፣ ወገቧን እያወዛወዘች ከአንሶላው ወጣች።

«ድገሚው!» አለ ወዲያ።

«ድገሚው!» አለ ወዲህ።

ደገመችው። በሦስተኛው ጊዜ ሉጥፊ መጥረጊያ እንደ ቃሬዛ ተሸክሞ ገባና ጆሮው በአንሶላው ላይ የጀበና እጀታ መሰለ። ኡምሰልማ ከጀርባ፣ «ይህን ግራኝዋ ናት ያዋለደችው አላልኳችሁም!» ብላ ስትጮኽ፣ ዶክተር ሀዲያ ሳቃቸው አስለቀሳቸውና መነጽራቸውን አወለቁ። የአስተዳደር ኃላፊው ወንበራቸውን አንግበው ተመለሱ።

«ልጅቱ መናገር አትችልም ብለውኝ ነበር» አሉ።

«አልተናገረችምኮ» አሉ ዶክተር ሀዲያ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በድረ ገጹም ሥዕሎቹን ተራ በተራ አሳዪን። አንቺም በጥላሽ ምሪያቸው። ታማም? ተስማማሽ?»

«ታማም» አለች ሄርመላ፣ ድምፅዋ ወጥቶላት።

የሱዳን የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሑድ ጧት በኮሌጁ የሚዲያ ክፍል ሥራ ጀመረች፤ በዚያው ሳምንት ትርኢቱን ከነጥላዋ ቀርጸው በድረ ገጹ ላይ አወጡት።