ሁለተኛው ጥሩምባ

«አልቅሺ እንጂ ሙሉዬ፣ ይውጣልሽ» አለች ጎረቤቷ ቆንጅት ጉልበቷን እያሻሸች። «እንዲህ ደርቀሽ ልትቀሪ ነው?»

ሙሉነሽ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ የድንኳኑን በር ታያለች። ይህ የእድሩ ትልቁ ድንኳን ነው፤ አፍንጮ በርን ከነታክሲዎቹ ቢያስገቡበት ገና ለአንድ ሰርግ የሚሆን ቦታ ይተርፈዋል። ዛሬ የልጇ የኢዩኤል ሠልስት ሆኖ ግን ግማሹ ወንበር ባዶውን ተገትሯል። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ንፍሮ እየቆረጠሙ ይንሾካሾካሉ።

«ለአንድ ልጇ አንዲት ዘለላ እንባ ትጣ?»

«ያን ጊዜ እኮ ፊቷን ልትነጭ ምን ቀርቷት ነበር! ዛሬ ምነው ነጠፈባት?»

ሰምታቸዋለች። ያንን ጊዜማ እሷም አልረሳችውም።

ኢዩኤል ጌም እየተጫወተ በቪዲዮ ለሕዝብ የሚያሳይ ልጅ ነበር። እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል። ኢዩኤል ጆይስቲክ ሲያነሣ የፒያሳ ኔትዎርክ ትንፋሹን ይይዝ ነበር! አፉ ደግሞ! ተኩሱን በአራዳ ቋንቋ ሲተርክ የሞቱት ወታደሮች ራሳቸው ስቀው የሚነሡ ይመስል ነበር። ካፌ ሲገባ ማኪያቶው ሳይታዘዝ ይቀርብለታል። እናቱም «የኢዩ እናት» ተብላ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትገዛ ምርቃቱ ከሽንኩርቱ ይበልጣል።

ከዚያ ሌሎች ልጆች መጡና ተመልካቹ ወደ እነሱ ነጎደ። ኢዩኤል አንድ ቀን ከሰዓት መጥቶ እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«እማ፣ ታለቅሺልኛለሽ?»

«ምን ሆነህ?»

«ሞቼ።»

«አንተ ሟርተኛ፣ አፍህን ዝጋ!»

«ለቪዲዮ ነው። በማግስቱ ተነሥቼ እስቃለሁ፣ አለቀ። አንቺ ካላለቀስሽልኝ ማን ያምነኛል?»

የእድሩን ዳኛ አቶ ዘበነን በዚያ ምላሱ አግባብቶ ድንኳን አስተከለ፣ ጥሩምባም አስነፋ። ሙሉነሽ አለቀሰች። ሲያለቅሱ እንዲህ ነው! ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ስልኩን በእንባ አበላሸ፤ ያን ሰሞን ከጥገና ቤቶቹ በቀር ደስ ያለው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ኢዩኤል ጥርሱን ገልጦ «ቀልድ ነው!» ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ተሳዳቢ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ቻናሉ ላይ ዝንብ እንኳ ጠፋ።

ክረምት ላይ ታመመ። ደም ያስፈልገዋል ተባለ። ከአልጋው ላይ ስልኩን አንሥቶ «ወገኖቼ፣ ይሄ የእውነት ነው። ደም ስጡኝ» አለ። ከሥሩ የተጻፈለት ሳቅ ብቻ ነበር። አንዱ «ማዘር የታሉ? አይጀምሩም እንዴ?» ብሏል። ሙሉነሽ አጠገቡ ተቀምጣ አነበበችው። እንባዋ የደረቀው ያኔ ነው።

በሞተ ዕለት ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ የሰፈሩ ሰው «ደግሞ ጀመረው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ሣጥኑን የሚሸከም ትከሻ ጠፍቶ አቶ ዘበነ በዚያ ሕመምተኛ ወገባቸው ገቡበት። ሙሉነሽ አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ሞተ ስትል የሚያምናት ሰው። ሰው የሚያምነው ደግሞ እንባ ነው፤ የእሷ እንባ ተበልቷል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ተሸካሚ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳጠፈ በሩ ላይ ቆመ።

«አብዱረህማን እባላለሁ ማዘር፣ ከአትክልት ተራ። አላህ ያጽናዎት። ኢዩን ከድሮም አየው ነበር።» ዙሪያውን ቃኘ። «እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው ልጄ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «ጓደኞቼ አላምን አሉኝ። ሄጄ ላሳያችሁ ብያቸው፣ ላይቭ ገብተው እየጠበቁ ነው» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«አንተ! በለቅሶ ቤት?» አቶ ዘበነ ወንበራቸውን ገፍትረው ተነሡ።

«ይተዉት ጋሼ» አለች ሙሉነሽ። ወደ ልጁ ዞረች። «ብዙ ናቸው?»

«ኧረ በጣም! ካመኑ ዛሬውኑ ግልብጥ ብለው ነው የሚመጡት። ይሄ ድንኳን አይችላቸውም። ብቻ…» አንገቱን ደፋ። «ትንሽ ቢያለቅሱ ያምናሉ።»

ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሴቶች እንኳ ማላመጣቸውን ተዉ።

ሙሉነሽ ተነሥታ ስልኩ ፊት ቆመች። ባዶዎቹን ወንበሮች አየች። ከዚያ የልጇን ተመልካች ሁሉ በያዘችው በትንሿ የመስታወት ዓይን ላይ አፈጠጠች። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

መዳፏን ዘረጋችና ካሜራውን ከደነችው።

አብዱረህማን ስልኩን አልነጠቃትም። ክንዷ ሲዝል በሌላ እጁ ከክርኗ ደገፋት። እንባዋ በአገጯ ወርዶ የእጁን አንጓ አራሰው። መዳፏን አላነሣችም።