ሙሉ ቆርቆሮ አሸዋ

ቋ።

በሩ ሳይከፈት ነው የሚሰማው። ባዶ ሽጉጥ ላይ መቺው ሲወድቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ አጭርና ደረቅ፣ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማ ዓይነት። የመንገዱ ሰው ለምዶታል። ሽጉጥ ጠጋኙ የምላጭ ክብደት፣ ምላጩ በምን ያህል ጉተታ እንደሚለቅ፣ እየለካ ነው ማለት ነው።

የሚለካው በአሸዋ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ አፈሙዙን ወደ ጣሪያ አድርጎ በሞርሳ ያስረዋል። ከምላጩ ላይ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በሽቦ ያንጠለጥልና መቺው እስኪወድቅ ድረስ አሸዋ በማንኪያ ይጨምርበታል። ወገብ ላይ የሚውል ሽጉጥ ቆርቆሮው ጢም እስኪል መቻል አለበት። ግማሽ ላይ ከወደቀ ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም ሳይስተካከል ከዚያ ቤት አይወጣም። ማኅደሩ ውስጥ ስትከተው የሸሚዝህ ጫፍ ቢገባበት እሱም ምላጩን ይስበዋል እኮ ይላል፣ ለተከራከረው ሁሉ።

የእህቱ ባል የወርቅ ቤት ዘበኛ ነበር። ቁመቱ መለሎ፣ ጨዋታው የማይጠገብ፤ ባልደረቦቹ ግን “አየር መቺ” ይሉታል። የተኩስ ፈተና በመጣ ቁጥር ጥይቶቹ ከዒላማው በስተግራ ያልፋሉ። በመጨረሻ አለቃው ጠርቶ፣ አሁን ካልመታህ ቦታህን ለሌላ ታስረክባለህ አለው። ከአባቱ የወረሰውን ሽጉጥ ይዞ ወደ አማቹ የመጣው ያኔ ነው። ምላጩ እየከበደው እጁን እንደሚያዛባበት፣ ወደ ግማሽ ቆርቆሮ ቢያወርድለት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚመታ ነገረው። ጠጋኙ አይሆንም አለ።

“ፈተናው ያንድ ጠዋት ነው። ወገብህ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚውለው።”

“ቤት ካዋሉኝ ምን ወገብ ያስፈልገኛል፣ አማቼ? ትራስ ነው የሚያስፈልገኝ።”

ተሳሳቁና ተለያዩ። ጠጋኙ ግን አልፈቀደም።

ቀጥላ እህቱ መጣች። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እሱ ነው ያሳደጋት፤ ጋሼ ትለዋለች፤ ጠይቃው እምቢ ያላት ነገር የለም። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የጠረጴዛውን የብረት ብናኝ በመዳፏ እየሰበሰበች፣ ባሏ እንቅልፍ ካጣ መሰንበቱን ነገረችው። ሸለብ ሲያደርገው ደግሞ ትከሻዋን እንደ ምላጭ ይስበዋል። ይህን ስትል ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

እሺ አላት። ሽጉጡን ፈታታው፤ የሻከረውን አለሰለሰ፣ ዘይት ቀባ፣ ገጠመ። ምላጩን የሚያከብደውን ሞላ ግን አልነካውም። ክብደቱ የነበረው ነው። ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ቁራጭ ብረት አስቀምጦ አሸዋ አለበሰው። ዘበኛው ሲመጣ ዓይኑ እያየ አንጠለጠለለት። አሸዋው ገና ግማሽ ላይ ሲደርስ፦ ቋ። ሰውየው እንደ ሕፃን ፈነደቀ፤ አማቹን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳመው። ጠጋኙ ውሸቱ እንዲያምርለት “አሁን ቀላል ነው፣ ተጠንቀቅ” ብሎ ጨመረበት።

ፈተናውን አለፈ። አንዲትም ጥይት ወደ ግራ አልሄደችም። አየር መቺ የሚለው ስም ቀረ። እሱም በሄደበት ሁሉ የአማቹን እጅ ያወድስ ጀመር፤ ጠጋኙም ሲወደስ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ይስቃል። ሽጉጡ እንዳለ ነው፣ የጠገንኩት ሰውየውን ነው ይል ነበር በሆዱ፤ ይህ ሐሳብ ይጣፍጠው ነበር።

ያላወቀው እቤት የሆነውን ነው። እህቱ ምላጩ ቀለለ የሚለውን ስትሰማ ልጆቹ ታዩዋት፤ አባታቸው ገና ከደጅ ሲገባ ወገቡ ላይ የሚንጠላጠሉት ልጆች። ሁለተኛ አቀባብለህ አትያዝ ብላ ባሏን አስማለችው። እሱም በቃሉ ጸና። ካዝናው በጥይት ይሞላል፤ በርሜሉ ባዶ ይውላል።

ብረት የያዙ ሰዎች ወርቅ ቤቱ የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ዘበኛው ፈጣን ነበር አሉ ያዩት። ሽጉጡን መዘዘ፣ አነጣጠረ፣ ሳበ። ቋ አለ። አለማቀባበሉ ትዝ ብሎት ግራ እጁን ሲልክ የአንዱ ዘራፊ ብረት አናቱ ላይ አረፈ።

ነፍሱ ተርፋለች። ጓዳ ተኝቶ ልጆቹን በየተራ ማን ነህ፣ ማን ነሽ ይላል። ሚስቱን ግን ያውቃታል፤ እሷን ሲያይ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ “ተኮሰ?” እሷም ተኮሰ ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልላ ወንድሟ ቤት መጣች። በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም።

“ጋሼ፣ ምላጩን ወደ ድሮው መልስልኝ። እንዲህ የቀለለ ነገር ልጆች ባሉበት ቤት አላስቀምጥም።”

ተቀብሎ፣ ለጥቂት ቀን አስቀምጦ፣ ይኸው ከበደ ብሎ ሊመልስላት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ በሞርሳው አሰረው፤ እጁ የለመደውን ነው የሠራው። የዚያን ቀኑን ቆርቆሮ ሲያነሳ ታች ያለው ብረት እጁ ላይ ከበደው። ከዚያች ቀን ወዲህ አላወጣውም ነበር፤ በሌላ ቆርቆሮ ነበር የሚሠራው። ገለበጠው። ብረቱ ከአሸዋው ጋር ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አለ።

“አልነካሁትም” አላት። “ድሮ እንደነበረ ነው። ይህን ከታች አስገብቼ ነው ቀለለ ያልኩት። ለሱ ብዬ ነው።”

ብረቱን አየችው። ከዚያ ባዶውን ቆርቆሮ ከእጁ ወስዳ፣ ልጅ ሳለች ስታየው እንደኖረችው፣ ሽቦውን ምላጩ ላይ አንጠለጠለች። ማንኪያውን አነሳች። አሸዋው ግማሽ ደረሰ። አለፈ። አፉ ድረስ ሞላ። ጨመረችበት፤ በጎኑ እየተንሸራተተ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛውም ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። መቺው አልወደቀም።

“አቀባብለህ አትያዝ ያልኩት እኔ ነኝ” አለች። “ቀላል ነው ስላልክ።”

“አንቺ ልጅ...” አላት፣ ሲያሳድጋት ይጠራት እንደነበረው።

ማንኪያውን ቦታው መለሰችው። መዳፏን አራገፈች። ፎጣውን አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘች፣ ሽጉጡን ከነሙሉ ቆርቆሮው እንደተንጠለጠለ ትታ በሩን ከፍታ ወጣች።