የእንግዴ ልጁ ጉድጓድ

ባለቤቴ ረሒማ ምጥ ሳይጀምራት ነው ጉድጓዱን የቆፈርኩት፤ ከግቢው በር በስተቀኝ። ትንሽ ብገፋበት የዓይናለም የከርሰ ምድር ውሃ ፈንድቶ ሰፈራችንን ሓድነትን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ያላመነ መጥቶ ይለካ። የእኔ እትብት ወሎ ነው የተቀበረው። መቀሌ ስንት ዘመን ሰልባጅ ልብስ ብሸጥም «ከየት ነህ?» መባል አልቀረልኝም። ልጄን ግን ማንም እንደዚያ እንዳይላት ብዬ፣ የእንግዴ ልጁን ደጄ ላይ ልቀብር ቆረጥኩ። አካፋውን ያዋሰኝ ኣንዶም ነው፤ ባለሚኒባሱ ጓደኛዬ። «ኣታ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በደንብ ቆፍር» ብሎኛል።

ረሒማ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት። ፌስታሌን ይዤ ማዋለጃው በር ላይ ቆምኩ። እዚያ ጥናት የምትሠራ፣ ራኬብ የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ወጣች።

«የእንግዴ ልጁን ስጪኝ እህቴ።»

«እንዴ፣ ባለቤትዎ አልነገሩዎትም? ለጥናቱ ፈቅደዋል እኮ። ናሙናው ማቀዝቀዣ ገብቷል። የተረፈው ከሌሎቹ ጋር ሆስፒታሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ምን ሊሠራላችሁ?»

እናት የምትበላው ምግብ የእንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉትን ዘረመሎች ሥራ ይለውጣል አለችኝ፤ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይጠፋል።

«እንደ ሰፈራችን መብራት?»

ሳቀች። «ይመስላል። ደግሞ ሁለት እናቶች አንድ ዓይነት ቢበሉ እንኳ፣ ፅንሱ ወንድ ሲሆንና ሴት ሲሆን ምላሹ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው በእርግዝናቸው የበሉትን የምንጠይቃቸው።»

«የእኔዋ ምን በላሁ አለች?»

«እሱን ራሳቸውን ይጠይቁ።»

ገባሁ። ረሒማ ልጅቷን ታጠባለች።

«ምን አልሻቸው?»

«የበላሁትን። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ሽሮ።»

እኔ ደግሞ ለሰፈሩ «በየሳምንቱ በግ አርድላታለሁ፤ ቀንድ ልታበቅል ምንም አልቀራት» ስል ነው የከረምኩት።

«ድስታችንን ለባዳ ከፈትሽው?»

«ምን በላሽ ብለው የጠየቁኝ እነሱ ብቻ ናቸው፣ ኑርሁሴን። ለአንተ ብነግርህ በግ በላሁ በያቸው ትለኝ ነበር።»

«ስቆፍር እያየሽኝ?»

አቀርቅራ የልጅቷን ጨርቅ አስተካከለች። «ኣንዶምም ንገሪው ብሎኝ ነበር።»

«ኣንዶም?»

«ለክትትል የሚያመላልሰኝ እሱ አይደል!»

ሰው የማታልለው እኔ ነበርኩ እኮ!

ቤት ስደርስ ኣንዶም ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

«አደራ ብላኝ ነው ሓወይ።»

«አካፋውን ስትሰጠኝስ? ያኔም አደራ ነበር?»

ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ከወሎ።

«ኑሬ፣ እንኳን ደስ ያለህ! የእንግዴ ልጁን ቀበርከው?»

ጅብ መነጽር አድርጎ ሚኒባስ ተሳፍሮ ኩሓ ወረደ ብዬ ሰው ያሳመንኩት እኔ፣ ምላሴ ታሰረ። ኣንዶም ፊቴን አየና ተነሳ። አካፋውን አንስቶ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ አፈሩን መመለስ ጀመረ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አፈሩ ይሰማኛል» አለች እናቴ። «በሉ በደንብ ጠቅጥቁት፣ ውሻ እንዳያወጣው።»

«እሺ እማ» አልኳት።