የፍዮሪ የበለዘ ጥርስ

ትበርህ የልጇ ጥርስ መበለዙን ያስተዋለችው አንድ እሑድ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ፍዮሪ በሆነ ነገር ከት ብላ ስትስቅ፣ ጥርሷ ላይ በተለጠፉት ትንንሽ ብረቶች ዙሪያ ሻይ የደረቀበት የመሰለ ቡናማ ቀለም ታየ።

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

ልጅቱ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። "ምንም አይደለም ማሚ፣ በቃ።"

ፍዮሪ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የጥርስ ሽቦው ከታሰረላት ወዲህ ድዷ እያበጠ፣ በቦረሸች ቁጥር እየደማ ስላስቸገራት፣ ክረምት ላይ ሽቦውን ወዳሰሩላት ካዛንቺስ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ያን ቀን ትበርህ ከመሥሪያ ቤት መውጣት ስላልቻለች ብቻዋን ነው የሄደችው። ስትመለስ "የሚጉመጠመጡት መድኃኒት ሰጥተውኛል፣ ይድናል ብለዋል" አለች። ትበርህም በዚያው ያለቀ መስሏት ነበር።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን በዓይኗ ትከታተላት ጀመር። ልጅቱ የቀረበላትን ምግብ ሁለቴ ጎርሳ ትተዋለች። ለምን ስትባል "አይጣፍጠኝም" ትላለች። አጠገቧ ካለፈች ሁሌ ሚንት ሚንት ትሸታለች። መታጠቢያ ቤት ገብታም በሩን ቆልፋ ትቆያለች።

ትበርህ ነገሩን ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቷ ለምትቀመጠው ለአስቻለች አጫወተቻት። አስቻለች ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጥርሷ በልዟል፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ አፏ ሚንት ይሸታል? ትበርህዬ፣ ልብሽን ልሰብር ብዬ አይደለም። የእህቴ ልጅ ጫት የጀመረ ጊዜ ቁርጥ እንዲህ ነበር።"

ትበርህ ሳቀችባት። ቤት እንደገባች ግን የልጇን ሹራብ አንስታ አሸተተች፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋንም ዘርግፋ ፈተሸች። አንዲት ቅጠል እንኳ አላገኘችም። ማጣቷ ግን ከማግኘት ይልቅ አስፈራት። "ተክናበታለች ማለት ነው" አለች ለራሷ።

ቅዳሜ ፍዮሪ "ላንቻ ጓደኛዬ ጋ ላጠና ነው" ብላ ወጣች። ትበርህ ነጠላዋን ደርባ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለች። ልጅቱ ወደ ላንቻ አላቀናችም። "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" የሚል ታክሲ ውስጥ ገባች። ትበርህም ቀጥሎ በመጣው ተሳፈረች፤ መንገዱን ሙሉ ከፊት ያለው ታክሲ እንዳይሰወርባት አንገቷን እንዳሰገገች ነበር።

ካዛንቺስ ወርዳ ስትደርስ ፍዮሪ ከአንድ ፋርማሲ ጥቁር ፌስታል ይዛ ስትወጣ ተገጣጠሙ። ልጅቱ ክው አለች።

"አምጪው!"

ፌስታሉ ውስጥ የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።

"ሽታውን ልታጠፊበት ነው አይደል?"

"የምን ሽታ?"

"የጫቱን!"

ፍዮሪ እናቷን አፍጥጣ አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ማሚ፣ አብደሻል?"

"እንግዲያስ ክሊኒኩ እዚሁ ነው፤ እነሱ ይንገሩኝ" አለችና ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሰብሊ ልጅቱን አጋድማ በመብራት አየቻት። ድዷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ በየብረቱ ጠርዝ ላይ ወጥቷል፤ ነካ ሲያደርጉት ይደማል። ጠርሙሱን አየችና ጠየቀች፤ "ይሄን ለሁለት ሳምንት ብቻ አልነበር ያዘዝኩልሽ? እስካሁን ትጠቀሚያለሽ?"

ፍዮሪ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ጥርሷን ያበለዘው ይሄ ነው" አለች ዶክተሯ ወደ ትበርህ ዞራ። "የሚወሰድበት ጊዜ ሲረዝም ቀለም ያሲዛል፤ የምግብንም ጣዕም ያጠፋል።"

ትበርህ አልተዋጠላትም። "ዶክተር፣ እንዳላፍር ብለው እየሸፈኑላት ከሆነ ግድ የለም፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ምኑን ነው የምሸፍነው? ይምጡና ይዩ።" ዶክተሯ በምትሽከረከር ብሩሽ አንዱን ጥርስ ፈገፈገችው። ቡናማው ለቀቀና ነጩ ብቅ አለ። "ቀለሙ ላይ ላዩን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ድዷ ነው። ፍዮሪ፣ ጥርስሽን ትቦርሻለሽ?"

ልጅቱ አፏን በእጇ ጠርጋ "ትቻለሁ" አለች። "ስቦርሽ አፌን ደም ሲሞላው ፈራሁ። መድኃኒቱ ደግሞ አያምም፤ እሱ ይበቃል ብዬ ነው። ሰፈር እንዳልገዛ ባለፋርማሲው ለማሚ ይነግርብኛል። እሷ ደግሞ 'ሽቦውን በደንብ ካልያዝሽው አስነቅለዋለሁ' ብላኛለች።"

እውነቷን ነው። ትበርህ ብላታለች፤ በንዴት ያለችው ነበር።

"የሚደማው እኮ ምግቡ ሽቦው ሥር ስለሚቀር ነው" አለች ዶክተሯ። "ደማ ብለሽ ስትተዪው ይብስበታል።" የጠጠረውን ቆሻሻ ጠርጋ አወጣችላት፤ ሽቦው ሥር የምትገባ ቀጭን ብሩሽም ሰጥታ በመስተዋት ፊት አለማመደቻት። መጉመጥመጫውን አስተወቻት።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ፍዮሪ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች "እውነት ጫት መስሎሽ ነው?" አለች።

ትበርህ መዋሸት አማራት። ግን "አዎ ጓለይ፣ አዎ ልጄ" አለች። ልጅቱ ሲወርዱ ሳትጠብቃት ቀድማ ወደ ቤት ሄደች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብሩሹ ደም ይዞ ይወጣ ነበር፤ እያደር ቀነሰ። ፍዮሪ ግን ለእናቷ ከ"እሺ" እና ከ"አይ" የበለጠ ቃል አልነበራትም። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ትበርህ እየፈራች "ልምጣ?" አለቻት።

ፍዮሪ አሰበች። "ነይ። ግን ዶክተሯን የማናግራት እኔ ነኝ።"

ትበርህ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ የቱ ጋ እንደዳነ፣ የቱ ጋ አሁንም እንደሚደማ በጣቷ እያሳየች ስታስረዳ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አፏ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጥ አድርጋ አዳመጠች።