ለግል ጉዳይ

ሀረገወይን በመድን ድርጅቱ መቱ ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ ስለ ሥራዋ የምትወደውንና የምትጠላውን የጠየቃት ሰው አልነበረም። የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ ግን ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ የሁለት ገጽ መጠይቅ መጣ። «በድርጅታችን ስትሠሩ የሚያስደስታችሁ ምንድን ነው? የሚያስከፋችሁስ?» ይላል። ስም አይጻፍበትም ተባለ። አምስት ሠራተኛ ባለበት ቅርንጫፍ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ የሚጠፋው ሰው ያለ ይመስል!

የጉዳት መርማሪው ደቅሲሳ ምሳ ላይ ወረቀቱን ከፍርፍሩ ትሪ አጠገብ ዘርግቶ ይስቅ ነበር። መኪና በተጋጨ፣ መጋዘን በተቃጠለ ቁጥር ካሜራውን አንግቶ የሚሮጥ፣ ከጎሬ እስከ ሁሩሙ የማያውቀው መንደር የሌለ ሰው ነው።

«እኔ የምወደው መንገዱን ነው፣ ሀረግዬ» አለ። «ወንበር ላይ ውሎ መምሸት አይሆንልኝም።»

«የምትጠላውስ?»

«ሰው እኔን የሚፈልገኝ የከፋው ቀን ብቻ ነው። ገበያ ላይ ሲያዩኝ እንኳ ‹ደግሞ ማን ተገለበጠ?› ነው የሚሉኝ።»

ሀረገወይን «የሚያስደስት» በሚለው ቦታ ላይ «የሕክምና ዋስትና» ብላ ጻፈች። ሌላውን ሁሉ ብትተው ይህ እውነት ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ሀሴት የልብ ሕመምተኛ ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ትታያለች፣ ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅቱ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የወደቀች ቀን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ማርቆስ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ማንንም ሳያስፈቅድ ሰጥቷት፣ ራሱ አብሯት ጅማ ድረስ ሄዷል። ይህንን አትረሳም።

«የሚያስከፋ» የሚለውን ባዶ ተወችው። ልትጽፈው የምትችለው ነገር ጠፍቷት አልነበረም። የካሳ ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ደብዳቤውን የምታረቅቀው እሷ ናት። «ጥያቄዎን በጥሞና መርምረን» ብላ ጀምራ «ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን» ብላ ትጨርሳለች። አቶ ማርቆስ «ሀረገ እንቢ ስትል እንኳ ያምርባታል» እያለ በሰው ፊት ያመሰግናት ነበር፤ እሷም መሬት መሬት እያየች ትስቃለች።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ ስልኳ ጮኸ። አቶ ማርቆስ ነው።

«ሀረገ፣ ከሁሩሙ ወዲያ ቡና የጫነ አይሱዙ ተገልብጧል። ትልቅ ደንበኛ ነው። ፖሊስ ሳያነሳው ፎቶ ያስፈልገናል። የደቅሲሳ ስልክ እንቢ አለኝ፣ ደውዪና ይሂድ በዪው።»

«መኪናችን በደሌ ጋራዥ ነው እኮ፣ አቶ ማርቆስ። በምን ይሂድ?»

«ሞተሩ አለው አይደል? የስምሪት ወረቀቱን ሰኞ እፈርምለታለሁ።»

ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚደረገው። ከአንድ ዓመት በፊት ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጥቶ ነበር፤ ማንም ሠራተኛ በግል ሞተር ለሥራ እንዳይላክ፣ የላከ ኃላፊ በግሉ እንደሚጠየቅ። ሰርኩላሩን ፋይል ያደረገችው ራሷ ናት። ያም ሆኖ ደወለች። ደቅሲሳ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«በዚህ ዝናብ?» አለ።

«ምን ላድርግ፣ እሱ ነው ያለው።»

«እሺ በቃ፣ ማል ጎና! ምን ይደረጋል።» ሳቀና ዘጋው።

ሁሩሙ መዳረሻ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ጭቃ አንሸራትቶት ከፊት ለፊት ከሚመጣ የጭነት መኪና ሥር ገባ። ስልኩም ካሜራውም አብረውት ተጨፈለቁ። ቀትር ላይ ወሬው መቱ ደረሰ። ሀረገወይን ሽሮ እያማሰለች ነበር የሰማችው፤ ማማሰያውን ጨብጣ የቆመችበት ቆማ ቀረች። ምድጃውን ያጠፋችው ሀሴት ናት።

እሑድ ተቀበረ። ዝናቡ የመዘምራኑን ድምፅ እየዋጠው፣ አቶ ማርቆስ በድርጅቱ ስም የአበባ ጉንጉን አስቀምጦ ስለ ታታሪነቱ ተናገረ፤ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፣ የማስመሰልም አልነበረም። የደቅሲሳ ሚስት ዱሬቲ ሦስት ልጆቿን አቅፋ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ሀረገወይን ተጠግታ አቀፈቻት።

ረቡዕ ዕለት አቶ ማርቆስ ቢሮው አስጠርቷት በሩን ዘጋው።

«ዋናው መሥሪያ ቤት የደቅሲሳን የስምሪት ወረቀት ጠይቋል» አላት። «የለም።»

«ልከነዋል እኮ፣ አቶ ማርቆስ።»

«ማን ነው የላከው?»

ዓይኗን ወደ ተዘጋው በር መለሰች።

«የደወልሽለት አንቺ ነሽ» አለ፣ ድምፁን ሳይቀይር። «ብንጠየቅ አብረን ነው የምንጠየቀው። እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። አንቺ ደግሞ...» ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አንከባለለው። «የሀሴት ቀጠሮ መቼ ነው?»

«መስከረም።»

«ይኸውልሽ። የሞተውን አንመልሰው።»

በልመናና በማስፈራራት መካከል ያለ ነገር ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ወረቀት ገፋላት። «በዕለቱ ለሟች የተሰጠ የሥራ ትእዛዝ ስለመኖሩ የማውቀው የለም» ይላል፤ አንድ መስመር ነው። ፈረመች። በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚከፈለው ካሳ በዚያች አንድ መስመር ቀረ።

የውድቅ ደብዳቤውንም እንደ ወትሮው እሷው አረቀቀችው። «ሟች በዕለቱ ለግል ጉዳያቸው ሲንቀሳቀሱ የነበሩ በመሆኑ» ብላ ጻፈች። አቶ ማርቆስ አንድ ቃል ሳይሰርዝ ማኅተም አደረገበት።

ዱሬቲ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢሮ መጣች። ገበያ ዳር ልብስ የምትሰፋ፣ ከሀረገወይን በሰባት ስምንት ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ደብዳቤው በላስቲክ ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነበር። ባንኮኒው ጋ ሰው እስኪያልቅ ጥግ ይዛ ጠበቀች፤ ከዚያ ተጠጋች።

«እትዬ ሀረገወይን፣ ስለ ካሳው ልጨቃጨቅ አልመጣሁም» አለች ዝቅ ብላ። «‹ለግል ጉዳያቸው› ይላል። ሁሩሙ ምን የግል ጉዳይ ነበረው?»

«ዱሬቲ...»

«ወንድሞቹ ደብዳቤውን አነበቡት። አሁን ሰዉ ሁሉ ሁሩሙ ሴት ነበረችው ይላል። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም። ግን ያን ጠዋት ተደውሎለታል፤ የሴት ድምፅ ነው፣ እዚያው አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ። እየሳቀ ነው የዘጋው። ‹ሥራ ነው› ብሎኝ ወጣ።» እንባዋ ሳይወርድ ዓይኗ ላይ ቆመ። «እርስዎ እንደ እህቱ ነዎት፣ ምሳ እንኳ አብራችሁ ነበር የምትበሉት። ዱጋ ነቲ ሂማ፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ናት?»

የአቶ ማርቆስ በር ገርበብ ብሏል። ሀረገወይን የገዛ ድምፅዋን ፈራችው፤ ረዘም አድርጋ ብትናገር ዱሬቲ የምታውቀው መሰላት።

«አላውቅም» አለች።

ዱሬቲ ራሷን ነቀነቀች። ደብዳቤውን መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

መስከረም ላይ ሀሴት አዲስ አበባ ታየች። ሐኪሙ ደህና ናት፣ ክትትሉ ግን እንዳይቋረጥ አለ። የድርጅቱን መታወቂያ ስታሳይ በአክብሮት አስተናገዷት፤ ይህ አክብሮት ድሮ ደስ ይላት ነበር። በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ያቺ «አላውቅም» ያለቻት ቃል ከጅማ እስከ መቱ አብራት ተጓዘች። ፊርማውን ለልጄ ብዬ ነው ብላ ለራሷ ማስረዳት ትችል ነበር። ያቺን ቃል ግን ለማንም ብላ ማስረዳት አቃታት።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የሀሴት ዩኒፎርም ይሰፋልኝ ብላ ጨርቅ ይዛ ዱሬቲ ቤት ሄደች። ሰበብ ነበር። ዱሬቲ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እየሰፋች ነው። ከበስተኋላዋ ግድግዳው ላይ የደቅሲሳ ፎቶ የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ይታያል።

ዱሬቲ ሀረገወይን የምታየውን አየችና «አወረድኩት» አለች። «እሱ ሲስቅ እያየሁ መርፌ መያዝ አቃተኝ። በንዴት የሰው ጨርቅ አበላሻለሁ። ለልጆቹ የፎቶው መስተዋት ተሰብሮ ነው አልኳቸው።»

ሀረገወይን ጨርቁን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። አልተቀመጠችም።

«ሴት የለችም፣ ዱሬቲ። የደወልኩት እኔ ነኝ።»

የመኪናው መርገጫ ቆመ።

«አቶ ማርቆስ ሂድ በዪው አለኝ፣ እኔ ደወልኩ። ለሥራ ነው የሄደው። የተገለበጠ መኪና ሊያይ ነው። ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ዱሬቲ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። ስትናገር አክብሮቱ ከአንደበቷ ጠፍቶ ነበር።

«ያ ድምፅ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ስለምንሽ፣ አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች ዱሬቲ፣ «ሁለት ወር ሙሉ በሞተ ሰው ቀናሁ። አንድ ቀን በደንብ ሳላለቅስለት።» ተነስታ ጨርቁን ከአልጋው ላይ አነሳችና ደረቷ ላይ ለጠፈችላት። «ያዢ። ውጪልኝ።»

ሀረገወይን በሳምንቱ ከቴሌ የስልኳን የጥሪ ዝርዝር አስወጣች። ቅዳሜ ጠዋት የአቶ ማርቆስ ጥሪ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ለደቅሲሳ የደወለችው፣ ተከታትለው ተመዝግበዋል። ዝርዝሩን አያይዛ የሆነውን ሁሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈች። ግልባጩን ለአቶ ማርቆስ በእጇ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጅሽን አላሰብሻትም?» አላት።

«አስቤያታለሁ።»

«እኔስ? ያን ቀን ጅማ ድረስ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ያለው ነገር እውነት ነበር።

መልሱ በአንድ ወር መጣ። አቶ ማርቆስ ከሥራ አስኪያጅነቱ ወርዶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ። እሷ «ሁለት ተቃራኒ የጽሑፍ ቃል በመስጠት የድርጅቱን እምነት በማጉደሏ» ተሰናበተች። ደብዳቤውን አንብባ መጀመሪያ የታያት አጻጻፉ ነበር፤ «የድርጅቱን» ከሚለው በፊት አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል። የዱሬቲን ጉዳይ በተመለከተ ግን ድርጅቱ «በማጣራት ላይ ነው» አለ። ዱሬቲ ማጣራቱን አልጠበቀችም፤ ከሰሰች።

ሀረገወይን ምስክር ሆና መቱ ፍርድ ቤት ቀረበች። የድርጅቱ ጠበቃ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሑት አነጋገር ያለው ወጣት ነው።

«የፈረሙት የመጀመሪያው ቃልዎ ነው ውሸቱ ወይስ የአሁኑ?»

«የመጀመሪያው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዋሹ?»

ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሥራዬን ስለምወደው» አለች። «ጥሩ ሥራ ነበር።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው ቀና ብለው አዩትና ዝም አለ።

ውሳኔው የተነበበው ሰኔ ላይ ነው። ሟች ጉዳት የደረሰባቸው በሥራ ላይ ሳሉ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ድርጅቱ ለቤተሰቡ ካሳውን ይክፈል ተባለ። ዱሬቲ የደቅሲሳን ሁለት ወንድሞች ይዛ ነው የመጣችው። ከችሎቱ ሲወጡ የውሳኔውን ግልባጭ ለታላቅየው ሰጠችው።

«አንብበው» አለችው በኦሮምኛ። «‹በሥራ ላይ ሳሉ› የሚለውን። ድምፅህን ከፍ አድርገህ። ያኔ ስታወራ ድምፅህ ትልቅ ነበር።»

ሰውየው ባለጉዳይ በሞላበት ግቢ መካከል ቆሞ አነበበ። እንደገና አስነበበችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ስትሄድ ሀረገወይንን አጥሩን ተደግፋ ቆማ አገኘቻት። ሊያልፏት ሲሉ ዱሬቲ ቆም አለች።

«ልጅሽ እንዴት ናት?»

«የመጋቢቱ ቀጠሮ አለፋት። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ ትደክማለች።»

ዱሬቲ ሌላ ነገርም ልትል የፈለገች ትመስል ነበር። «እግዜር ይማራት» ብቻ አለች። ወንድሞቹን አስከትላ ወጣች፣ ወደ ኋላም አልዞረችም።

ሀረገወይን ባጃጅ ይዛ ገበያው አጠገብ ወዳለው የጸጋአብ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ተመለሰች። ከታኅሣሥ ጀምሮ የምትሠራው እዚያ ነው። ጸጋአብ ከከምባታ የመጣ፣ ቁጥብ ግን ክፉ ያልሆነ ነጋዴ ነው። ምን ተፈረደ ብሎ አልጠየቃትም። ከጎሬ የመጡ ሰዎች ቆርቆሮ ሊወስዱ ቆመው እየጠበቁ ነበርና ሚኒባሱ ሳይሄድባቸው እንድታስተናግዳቸው ነገራት። ዝናቡ ጀመረ። ጋዋኗን ለብሳ ወደ መጋዘኑ ገባች።